ሁለት አርጊኒን ያመጡት ለውጥ፦ የኢንሱሊን ግላርጂን ጉዳይ

በማቀዝቀዣው በር ላይ ሁለት የኢንሱሊን ብልቃጦች ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። አንደኛው ኤንፒኤች ነው። ቆሞ ሲያድር ነጩ ነገር ወደ ታች ይዘቅጥና ከላዩ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይቀራል፤ በመዳፍ መካከል ሲንከባለል ደግሞ ወተት ይመስላል። ሁለተኛው ግላርጂን ነው፤ በገበያ ስሙ ላንተስ። እሱ ቢያድርም ቢሰነብትም እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ቀስ ብለው እንዲሠሩ ነው። ኤንፒኤች የሚዘገየው ዝቃጭ ሆኖ ስለሚወጋ መሆኑ በዓይን ይታያል። የጠራውን ግላርጂንስ ምን ያዘገየዋል?

እሱም ይዘቅጣል፤ የሚዘቅጠው ግን ከተወጋ በኋላ፣ ቆዳ ሥር ነው። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። የብልቃጡ ፒኤች 4 አካባቢ ነው፤ የሰውነት ፈሳሽ ፒኤች 7.4። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ሞለኪውሉ የተሸከመው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ከአምስት ያህል ፖዘቲቭ ተነሥቶ ዜሮ አጠገብ ይደርሳል። ይህን መድኃኒት ለመረዳት ከዚህ ቁጥር የሚበልጥ ቁልፍ የለም፤ ቁጥሩም በወረቀትና በእርሳስ ሊሰላ ይችላል።

ሲጀመር የነበረው ችግር

የሰው ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም የፕሮቲን መገንቢያ ቁርጥራጮች፣ አሉት፤ 21ዱ በኤ ሰንሰለት፣ 30ዎቹ በቢ ሰንሰለት ላይ ናቸው። አይሶኤሌክትሪክ ነጥቡ፣ ማለትም የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ቻርጆቹ ድምር ዜሮ የሚሆንበት ፒኤች፣ 5.4 አካባቢ ነው። በ7.4 ላይ እንግዲህ ኔጋቲቭ ነው። ተመሳሳይ ቻርጅ ያላቸው ሞለኪውሎች ይገፋፋሉ፤ በመካከላቸው ውሃ ይገባል፤ ይሟሟሉ። ሬጉላር የሚባለው ኢንሱሊን በ7 እና በ7.8 መካከል ባለ ፒኤች ጥርት ብሎ የሚታሸገው ለዚህ ነው። የሟሟ ነገር ደግሞ ከቆዳ ሥር ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ለምግብ ሰዓት ይህ ተፈላጊ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያስፈልገው መጠን ግን አይሆንም።

የመጀመሪያው ትልቅ መፍትሔ የመጣው ከዴንማርክ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ሃጌዶርን እ.ኤ.አ. በ1936 ኢንሱሊንን ከፕሮታሚን ጋር ማጣመር እንደሚያዘገየው አሳየ፤ ኤንፒኤች ከዚያው ቤተ ሙከራ በ1946 ወጣ። ፕሮታሚን ከዓሣ የዘር ፈሳሽ የሚገኝ ፔፕታይድ፣ ማለትም የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት፣ ነው፤ ከአሚኖ አሲዶቹ ከግማሽ በላይ የሆኑት አርጊኒን ናቸው። አርጊኒን በሰውነት ፒኤች ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው። ኔጋቲቩ ኢንሱሊንና ፖዘቲቩ ፕሮታሚን ሲገናኙ ቻርጃቸው ይጣፋና አብረው ይዘቅጣሉ።

ዘዴው ሠርቷል፤ ዛሬም ይሠራል። ሆኖም ዝቃጩን በደንብ ሳያንከባልሉ የቀዱት ሰው አንድ ቀን ከሚገባው ያነሰ፣ ሌላ ቀን ከሚገባው የበዛ ይወስዳል። የኃይሉ ጫፍም ከተወጋ ከ4 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ ስለሚወድቅ ማታ የተወሰደ መጠን ሌሊት ላይ ስኳርን አብዝቶ ሊያወርድ ይችላል።

የፍራንክፈርቱ ሆክስት ኩባንያ ተመራማሪዎች ያደረጉት በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ነው፦ አርጊኒኑን ከውጭ በፕሮታሚን መልክ ከማምጣት ይልቅ በራሱ በኢንሱሊኑ ጭራ ላይ ቀጠሉት። በቢ ሰንሰለት መጨረሻ፣ ከ30ኛው አሚኖ አሲድ ቀጥሎ፣ በ31ኛውና በ32ኛው ቦታ ሁለት አርጊኒኖች ገቡ። በኤ ሰንሰለት 21ኛ ቦታ ላይ ያለው አስፓራጂንም በግላይሲን ተተካ፤ ወደዚህ ምክንያት በኋላ እንመለሳለን። አይሶኤሌክትሪክ ነጥቡ ከ5.4 ወደ 6.7 ወጣ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት መድኃኒቱን በ2000 ፈቀደ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2021 ለረዥም ጊዜ የሚሠሩ ተመሳሳይ ኢንሱሊኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ።

ቻርጁን መቁጠር

ከ51ዱ አሚኖ አሲዶች አብዛኞቹ ለፒኤች ደንታ የላቸውም። የሚቆጠሩት ፕሮቶን (አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ የተሸከመ የሃይድሮጅን አካል) የሚሰጡ ወይም የሚቀበሉ ብቻ ናቸው። በሰው ኢንሱሊን ላይ ኔጋቲቭ ሊሆኑ የሚችሉት አራት ግሉታሚክ አሲዶች (ኤ4፣ ማለትም በኤ ሰንሰለት 4ኛው ቦታ፣ ኤ17፣ ቢ13፣ ቢ21)፣ የሁለቱ ሰንሰለቶች ካርቦክሲል ጫፎች (መጨረሻዎቻቸው) እና አራት ታይሮሲኖች ናቸው። ፖዘቲቭ የሚሆኑት ደግሞ የሁለቱ ሰንሰለቶች አሚኖ ጫፎች (መጀመሪያዎቻቸው)፣ ሁለት ሂስቲዲኖች (ቢ5 እና ቢ10)፣ አንድ አርጊኒን (ቢ22) እና አንድ ላይሲን (ቢ29) ናቸው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ሲስቲኖችን መቁጠር ነው። ኢንሱሊን ስድስት ሲስቲን አለው፤ ስድስቱም ጥንድ ጥንድ ሆነው በዳይሰልፋይድ ድልድይ ስለታሰሩ የሚሰጡት ፕሮቶን የላቸውም። የሲስቲን ፒኬኤ 8.3 ተብሎ ነጻ እንደሆኑ ቢቆጠሩ በ7.4 ላይ 0.67 ያህል የሌለ ኔጋቲቭ ይጨመራል። ሁለተኛው ሁለቱን ሰንሰለቶች እንደ አንድ ረዥም ክር መቁጠር ነው፤ ያኔ አንድ አሚኖ ጫፍና አንድ ካርቦክሲል ጫፍ ይጠፋሉ።

ለእያንዳንዱ ቡድን ፒኬኤ ያስፈልጋል፤ ይህም ቡድኑ በግማሹ ፕሮቶን ይዞ፣ በግማሹ ለቆ የሚገኝበት ፒኤች ነው። እዚህ የተወሰዱት የተለመዱት የመማሪያ ቁጥሮች ናቸው፦ ካርቦክሲል ጫፍ 3.3፣ ግሉታሚክ አሲድ 4.2፣ ሂስቲዲን 6.5፣ አሚኖ ጫፍ 7.7፣ ታይሮሲን 10.1፣ ላይሲን 10.5፤ አርጊኒን ከ12 በላይ ስለሆነ ሁልጊዜ ሙሉ 1 ተብሎ ይያዛል።

ፖዘቲቭ ለሚሆን ቡድን ከፒኤቹ ላይ ፒኬኤውን ቀንሱ፤ 10ን በዚያ ቁጥር ኃይል አንሡት፤ 1 ጨምሩበት፤ 1ን ለውጤቱ አካፍሉት። ኔጋቲቭ ለሚሆነው ቅነሳውን ገልብጡት። ለምሳሌ ሂስቲዲን በ7.4፦ 7.4 ሲቀነስ 6.5 ይሆናል 0.9፤ 10 በ0.9 ኃይል 7.94፤ 1 ሲጨመር 8.94፤ 1 ለ8.94 ሲካፈል 0.112። ሁለት ስላሉ 0.22። ይህ ማለት በማንኛውም ቅጽበት ከመቶ ሂስቲዲኖች 11 ያህሉ ብቻ ቻርጅ ይዘዋል ማለት ነው።

ሁሉም በ7.4 ሲደመር፦ አሚኖ ጫፎቹ 1.33፣ ሂስቲዲኖቹ 0.22፣ አርጊኒን 1፣ ላይሲን 1፤ በጠቅላላው 3.55 ፖዘቲቭ። በሌላ በኩል ግሉታሚኮቹ 4፣ ካርቦክሲል ጫፎቹ 2፣ ታይሮሲኖቹ ከ0.01 በታች፤ 6 ኔጋቲቭ። የሰው ኢንሱሊን ቻርጅ −2.45 ነው። ግላርጂን ሁለት አርጊኒን ስለጨመረ −0.45 ይሆናል። የ21ኛው ቦታ ለውጥ በሒሳቡ ላይ ምንም አይጨምርም፤ አስፓራጂንም ግላይሲንም ቻርጅ የሌለው ጎን ነው ያላቸው።

በ4.0 ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሂስቲዲኖቹና አሚኖ ጫፎቹ ሙሉ በሙሉ ፕሮቶን ይዘዋል፤ ከግሉታሚኮቹ ደግሞ 39 በመቶው ብቻ ኔጋቲቭ ናቸው። ሬጉላሩ +2.8፣ ግላርጂን +4.8 ይደርሳል። ግላርጂን በብልቃጡ ውስጥ ጥርት ብሎ የሚቆየው በዚህ ቻርጅ ብርታት ነው።

በዚሁ መንገድ ዜሮ የሚሆንበት ነጥብ ሲፈለግ ለሰው ኢንሱሊን 5.5 ይወጣል፤ የሚለካው 5.4 ስለሆነ በጣም የተቀራረበ ነው። ለግላርጂን ግን ሒሳቡ 7.1 ይሰጣል፤ የሚለካው 6.7 ነው። ልዩነቱ የመደመር ስሕተት አይደለም። የመማሪያው ፒኬኤ ቡድኑ በውሃ መካከል ብቻውን እንደቆመ ያስባል፤ በታጠፈ ሞለኪውል ውስጥ ግን ጎረቤቱ ፖዘቲቭ የሆነ ቡድን ፕሮቶኑን ቶሎ ይለቃል፣ ጎረቤቱ ኔጋቲቭ የሆነው ይዞ ይቆያል። ከ5.4 አጠገብ የድምሩን መስመር የሚያዘነብሉት ግሉታሚክና ሂስቲዲን በርከት ያሉ ስለሆኑ ትንሽ የፒኬኤ ለውጥ ውጤቱን ብዙ አያነቃንቀውም። ከ6.7 እስከ 7.1 ባለው ላይ ግን የሚወስኑት ሁለቱ ሂስቲዲኖችና ሁለቱ አሚኖ ጫፎች ብቻ ናቸው፤ የአንዳቸው ፒኬኤ በግማሽ ነጥብ ቢዛባ መልሱ ይንሸራተታል። በኮምፒውተር የወጣን አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ እስከ ግማሽ ፒኤች ሊሳሳት የሚችል ግምት አድርጎ መያዝ፣ ቁርጡንም በአይሶኤሌክትሪክ ፎከሲንግ፣ ማለትም ሞለኪውሉ በኤሌክትሪክ ተጎትቶ ዜሮ ነጥቡ ላይ በሚቆምበት የቤተ ሙከራ ዘዴ፣ መለካት ተገቢ ነው።

−0.45 ሙሉ ዜሮ ባይሆንም መዝቀጡን አይከለክልም። የመሟሟት መጠን ከዜሮ ነጥቡ ግራና ቀኝ ሰፊ ሸለቆ አለው፤ እያንዳንዱ ሞለኪውል በአማካይ ከግማሽ ያነሰ ቻርጅ ይዞ ጎረቤቱን ሊገፋ አይችልም።

አሲዱ ያመጣው ሌላ ጣጣ

አሁን ወደ ኤ21 እንመለስ። ፔፕታይድን በአሲድ ውስጥ ማቆየት ነጻ ስጦታ አይደለም። የሰው ኢንሱሊን በአሲድ ውስጥ ሲቀመጥ ቀድሞ የሚበላሸው በኤ ሰንሰለት ጫፍ ላይ ያለው አስፓራጂን ነው። የራሱ የጫፉ ካርቦክሲል ቡድን ዞሮ የጎኑን አሚድ (ናይትሮጅን የያዘውን ቡድን) ያጠቃና አሞኒያ ይወጣል፤ በመካከሉ የሚፈጠረው ቀለበት ውሃ ካገኘ አስፓራጂኑ ወደ አስፓርቲክ አሲድ ይለወጣል፣ የሌላ ኢንሱሊን አሚኖ ጫፍ ካገኘ ደግሞ ሁለቱ ሞለኪውሎች ይጣበቃሉ። አስፓርቲክ አሲድ አዲስ ኔጋቲቭ ነው። ማለትም ሁለት አርጊኒን ጨምሮ የተገነባው የቻርጅ ሚዛን በመደርደሪያ ላይ ሳለ አንድ አንድ እያለ ይፈርሳል። ግላይሲን አሚድ የተሸከመ ጎን ስለሌለው ይህ አይደርስበትም። ሁለቱ አርጊኒኖች መድኃኒቱን አዘገዩት፤ ግላይሲኑ ደግሞ በፒኤች 4 እንዲቆይ ፈቀደለት። ያለ እሱ የመጀመሪያው ሐሳብ ወረቀት ላይ ይቀር ነበር።

የ100 ዩኒት ላንተስ አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 3.64 ሚሊ ግራም ግላርጂን፣ 30 ማይክሮ ግራም ዚንክ፣ 2.7 ሚሊ ግራም ሜታክሬሶል እና 20 ሚሊ ግራም 85 በመቶ ግሊሰሮል አለ፤ ፒኤቹ በሃይድሮክሎሪክ አሲድና በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይስተካከላል። ዚንኩም የፒኤች ተገዢ ነው። ዚንክ የሚያያዘው በቢ10 ሂስቲዲን በኩል ነው፤ በ4 ላይ ሂስቲዲኑ ፕሮቶን ስለያዘ ለዚንክ ቦታ የለውም። ፒኤቹ ሲወጣ ፕሮቶኑ ይለቅና ዚንኩ ይገባል፣ ስድስት ስድስት ኢንሱሊኖችም በዙሪያው ተሰባስበው ሄክሳመር ይሆናሉ።

ከመርፌው ጫፍ በኋላ

20 ዩኒት የወሰደ ሰው 0.2 ሚሊ ሊትር ወጋ ማለት ነው። የግላርጂን ሞለኪውል ክብደት 6063 ስለሆነ መጠኑ 0.6 ሚሊሞላር፣ በ0.2 ሚሊ ሊትር ውስጥም 0.12 ማይክሮሞል ነው። ከ+4.8 ወደ −0.45 ለመውረድ እያንዳንዱ ሞለኪውል አምስት ያህል ፕሮቶኖች ይለቃል፤ በጠቅላላው 0.63 ማይክሮሞል። በፒኤች 4 ፈሳሽ ውስጥ ነጻ የሆነው ፕሮቶን ግን 0.02 ማይክሮሞል ብቻ ነው። አሲዱን በአብዛኛው ተሸክሞ የሚገባው እንግዲህ ፔፕታይዱ ራሱ ነው።

ይህን ያህል ለማጥፋት ብዙ አያስፈልግም። በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት 24 ሚሊሞላር ያህል ስለሆነ፣ በሒሳብ ደረጃ 0.026 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ይበቃዋል፤ ግማሽ ጠብታ ያህል ነው። በብልቃጡ ውስጥ ጠንካራ በፈር፣ ማለትም ፒኤችን ባለበት የሚይዝ ነገር፣ ያልተጨመረውም ይህ ቶሎ እንዲሆን ነው። ፒኤች 4ን አጥብቆ የሚይዝ አሲቴት በብዛት ቢኖር መዝቀጡ ይዘገይ፣ የማቃጠል ስሜቱም ይረዝም ነበር።

የዘቀጠው ነገር ጥቃቅን ክምችት ይሆናል፤ ከላዩ እየሟሟ ለ24 ሰዓት ያህል፣ ጎላ ያለ ጫፍ ሳያሳይ፣ ወደ ደም ይፈስሳል። የሥራውን ማብቂያ ሰውነቱ ራሱ ያበጀዋል፦ የቲሹና የደም ኤንዛይሞች ሁለቱን አርጊኒኖች ከቢ ሰንሰለት ጫፍ ይቆርጧቸዋል። የቀረው ኤም1 የሚባል ሞለኪውል በ7.4 ላይ እንደ ሰው ኢንሱሊን −2.45 ቻርጅ ያለው፣ የሚሟሟና በሕዋሶች የኢንሱሊን መቀበያ ላይ የሚሠራ ነው። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘውም ግላርጂኑ ሳይሆን እሱ ነው።

የሚበላሸው የት ነው

በአገራችን ለብዙ ታካሚዎች የተለመደው ኤንፒኤችና ሬጉላርን በአንድ ስሪንጅ አቀላቅሎ መወጋት ነው፦ መጀመሪያ የጠራውን፣ ቀጥሎ ደመናማውን መቅዳት። ወደ ግላርጂን የተዛወረ ሰው ይህን ልማድ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ መተው አለበት። ምክንያቱ በቁጥር ይታያል። 10 ዩኒት ግላርጂንና 10 ዩኒት በፈር የሌለው ሬጉላር ቢቀላቀሉ፣ አንዱ የሚለቀውን ፕሮቶን ሌላው ይቀበላል። ከላይ ባሉት ቁጥሮች ሲሰላ ድብልቁ 5.3 አካባቢ ላይ ያርፋል። ይህ የሬጉላሩ የገዛ ራሱ ዜሮ ነጥብ አጠገብ ነው! ግላርጂኑ ገና ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ ለምግብ ቶሎ እንዲደርስ የተፈለገው ሬጉላር ይደፈርሳል። ከኤንፒኤች ጋር ቢቀላቀል ደግሞ በዚያ ብልቃጥ ያለው ፎስፌት በፈር ፒኤቹን ወደ 7 ይጎትተዋል፤ ያኔ ግላርጂኑ ስሪንጁ ውስጥ ይዘቅጣል። በጨው ውሃ ማቅጠንም ክልክል ነው።

ግላርጂን በደም ሥር አይሰጥም። ቀስታው ያለው በቆዳ ሥር በሚቆየው ዝቃጭ ላይ ነው፤ ደም ውስጥ በቀጥታ ከገባ ክምችቱ ስለማይፈጠር የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ሠርቶ ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል።

የጠራ መሆኑ ራሱ ሌላ አደጋ አለው። ኤንፒኤችን ከሬጉላር ዓይን ይለያል፤ ግላርጂንን ከሬጉላር ግን መለያው የብልቃጡ ጽሑፍ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ሁለቱም ካሉ በአንዱ ላይ ፕላስተር ጠቅልሎ በጣት ዳሰሳ እንዲለይ ማድረግ በተለይ ዓይናቸው ለደከመ ታካሚዎች ይረዳል። ግላርጂን ከደፈረሰ ወይም ፍርፋሪ ከታየበት ይጣላል፤ እንደ ኤንፒኤች በማንከባለል አይድንም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፣ በረዶ የነካው ይወገዳል፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ለ28 ቀን ያገለግላል።

ሌላ ፔፕታይድ ይዞ በቤተ ሙከራ ለሚቸገር ሰው ከዚህ የሚወሰደው ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ መቁጠር፣ ቀጥሎ ከዜሮ ነጥቡ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት ፒኤች የራቀ በፈር መምረጥ። ጫፉ በአሚድ የተዘጋ ወይም በአሲቲል የተሸፈነ ከሆነ ያ ጫፍ ከቆጠራው ይወጣል። በኬሚካል የተሠራ ፔፕታይድ ብዙውን ጊዜ ከትራይፍሎሮአሲቲክ አሲድ ጋር እንደ ጨው ስለሚመጣ፣ በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ ፒኤቹን ወደ አሲድ ያወርደዋል፤ ከሟሟ በኋላ በ7.4 በፈር ሲቀጠን በድንገት መደፍረሱም ከግላርጂን ጋር አንድ ዓይነት ነገር ነው። ሲያስተካክሉም ፒኤቹን በዜሮ ነጥቡ ላይ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ አይመከርም፤ በፍጥነት መሻገር ይሻላል።

በ2015 የመጣው ቱጄዮ ያው ግላርጂን፣ ያው ፒኤች 4 ነው፤ የተለወጠው በአንድ ሚሊ ሊትር 300 ዩኒት መሆኑ ብቻ ነው። 20 ዩኒት በ0.2 ፈንታ በ0.067 ሚሊ ሊትር ይገባል። ዝቃጩ ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚከማች ለፈሳሹ የተጋለጠው ገጽ ያንሳል፤ ስለዚህ ይበልጥ ይዘገያል፣ ከላንተስ ወደ እሱ የሚዛወሩ አንዳንድ ታካሚዎችም ከፍ ያለ ዩኒት ያስፈልጋቸዋል። ዘመድ ከውጭ አገር የላከው የቱጄዮ ብዕር የራሱ መርፌ ሳይኖረው ቢደርስ፣ ከብዕሩ በተራ የ100 ዩኒት ስሪንጅ መቅዳት ፈጽሞ አይገባም። በስሪንጁ ላይ 20 የሚለው መስመር ድረስ የተቀዳው 60 ዩኒት ነው።